የአባ ማህደር ክፍል

«ከቢራ ፋብሪካው ሰው መጥቷል» አለቻት ታናሽ እህቷ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ። «ለቅሶ ሊደርስ መስሎኝ ወንበር ሰጠሁት። ለካ ወረቀቱን ፈልጎ ነው።»

የሟች ሚስት ቀና ብላ አየች። ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰ ሥራ አስኪያጅ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ከውጭ የጭነት መኪና ቆሟል።

ባሏን የቀበሩት በዚያው ሳምንት ነው። የጎረቤት ሴቶች ሳሎኑን ከበው ተቀምጠው ዝግ ባለ ድምፅ ያወራሉ።

«ደረቱን የጨረሰው የወረቀት አቧራ ነው» አለች አንዷ።

«ቢራው እንኳ በአፉ ዞሮ አያውቅም» አለች ሌላዋ።

እውነት ነው፤ ቀምሶ አያውቅም። ግን ዕድሜውን ሙሉ የፋብሪካው መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበር። ሠራተኛው «አባ ማህደር» ይለዋል። የጠማቂዎቹን የየዕለት ማስታወሻ፣ የገብስ አቅራቢዎቹን ውል፣ ጠርሙስ የሚያጥቡ ሴቶች ተሰልፈው የተነሱትን ፎቶ፣ ሁሉንም ከነቦታው ያውቀዋል። ፋብሪካው ሲሸጥ አዲሶቹ ባለቤቶች ምድር ቤቱን አጽዱ አሉ። ወረቀቱ ቆሻሻ መኪና ላይ ሲጫን ደርሶ፣ ለምኖ አስወረደና ቤቱ አመጣው።

«የት ልታደርገው ነው?» አለችው ሚስቱ በር ላይ ቆማ።

«ልጃችን አግብታ የለ? ክፍሏ ባዶ ነው።»

«እሱን ለእንግዳ ብዬ ነበር።»

«እንግዳ ነዋ» አለ ካርቶኑን እንዳቀፈ። «ሰንብቶ ይሄዳል። አንድ ቀን ይጠይቁኛል።»

አልጠየቁትም። ራሱ በየጊዜው ሄደ። ኮቱን ተኩሳ ትሸኘዋለች፤ የፋብሪካው በር ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ «ኃላፊው የሉም» ይሉታል፤ ይመለሳል። አንድ ቀን ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ «ዘበኛው አዲስ ነው፤ አላወቀኝም» አላት። ከዚያ ወዲህ ወደ ፋብሪካው አልሄደም።

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ እግዜር ያጽናዎት። ጊዜው እንዳልሆነ ይገባኛል። ፋብሪካው የተመሠረተበትን በዓል ልናከብር ነው፤ ከእኛ በፊት ስለነበረው አንድም ነገር በእጃችን የለም። እሳቸው ዘንድ መኖሩን የሰማነው ገና አሁን ነው።»

«ስንቴ ደጃችሁ መጥቷል።»

«እሳቸው ሲመጡ እኔ አልነበርኩም።»

«እሱ ነበረ» አለች።

ሰውየው አንገቱን ደፋ።

«አባርሪው» አለች እህቷ በሹክሹክታ። «ሲሞት ነው የታወሳቸው?»

የእሷም ልብ የሚላት ይህንኑ ነበር። ልትናገር አፏን ስትከፍት ግን ባሏ ታያት፤ ይህን ሰው ቤቱ ውስጥ ቢያገኘው ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ደስታው አላስቀምጥ ብሎት፣ የቱን ቀድሞ እንደሚያሳየው ግራ ሲገባው። ቀብሩ ላይ እምቢ ያላት እንባ ያን ጊዜ መጣ።

«ምድር ቤት እንዳታስገቡት» አለች እንባዋን ጠርጋ። «ውሃ ያስገባል። ሁሌም የሚጨነቀው በዚያ ነበር።»

«አናስገባም፣ እናቴ።»

ጫኞቹ ካርቶኖቹን እያቀፉ በሳሎኑ አሳለፉ። የመጀመሪያው ሲያልፍ ከጎረቤቶቹ አንዷ ሳታስበው ብድግ አለች። ሌሎቹም ተከትለዋት ተነሱ። የመጨረሻው እስኪወጣ ማንም አልተቀመጠም።

መኪናው ከሄደ በኋላ እህቷ መጥረጊያ ይዛ ወደ ክፍሉ ገባች። እሷም መስኮቱን ልትከፍት ተከተለቻት። በካርቶኖቹ መካከል የነበረው መተላለፊያ ጠባብ ስለነበር እነዚያን ዓመታት ሁሉ የምታልፈው በጎኗ ነበር። አሁን ወለሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ባዶ ነው። እሷ ግን ትከሻዋን አዙራ፣ ቀሚሷን ወደ ራሷ ሰብስባ፣ ምንም እንዳትነካ እየተጠነቀቀች በጎኗ አለፈች።