በሎሚ የታጠበው ሥጋ

እስቲ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ጥላው ለሁላችንም ይበቃል። የምነግራችሁ ስለ አንዲት ሴትና አውራ ጣት በምታህል ጠርሙስ ውስጥ ስለነበረች ሥጋ ነው። ሥጋዋ የምስር ፍሬ እንኳ አታህልም ነበር።

ፋዲላ አዳማ ከሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ እጆቿን ትመለከታለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሃ፣ ጨውና ሎሚ የበሏቸው እጆች ናቸው። ዱለት የሚሠሩ ምግብ ቤቶች የታጠበ ጨጓራና ሽንፍላ የሚረከቡት ከእሷ ነው። «የፋዲላ ጨጓራ አይሸትም» ሲሏት ደስ ይላታል፤ አንገቷን ቀና ታደርጋለች። ዛሬ ረቡዕ ግን የመጣችው የባሏን የሳሊህን ጨጓራ ውጤት ልትሰማ ነው።

ሳሊህ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ የሚመላለስ የተሳቢ ሹፌር ነው። ስድስት ወር ሆዱን ሲያቃጥለው ቆየ። ሱሪው በቀበቶ አልያዝ ሲል በስንት ልመና ሐኪም ዘንድ ወሰደችውና ቱቦ አስዋጡት። ሐኪሙ በቱቦው ቁስል አየ፤ ከቁስሉ ቆንጥሮ በጠርሙስ አደረገና «ላቦራቶሪ አድርሱት» አለ። ሌላ አልተናገረም። ሳሊህ ደግሞ እንባውንና ለሃጩን እየጠረገ ወጥቶ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ሁለተኛ ይህን ቱቦ አልውጥም። ወላሂ አልውጥም! ከፈለገ ይግደለኝ።»

ቀኑ ዓርብ ነበር። ላቦራቶሪው ተዘግቶ ስለጠበቃቸው ጠርሙሱ እስከ ሰኞ እነ ፋዲላ ቤት ከረመ።

«አዴ፣ ይግቡ» አለች ነጭ ጋወን የለበሰች ሴት በሩን ከፍታ። ገላኔ ትባላለች፤ ሥራዋ ሥጋን በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታውን መለየት ነው። «የአቶ ሳሊህ ባለቤት ነዎት?»

«ነኝ፣ የኔ ልጅ።»

«ይህን ናሙና ቤት ምን አደረጋችሁት?»

ፋዲላ መሬት መሬቱን አየች። «ምንም።»

ገላኔ አልተቆጣችም። ወንበር ስባ ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠቻትና እንዴት እንደሚታይ አሳየቻት። ፋዲላ መጀመሪያ ያየችው የራሷን ሽፋሽፍት ነበር። ቀጥሎ በረኪና የነካው ጨርቅ የመሰለ ነገር መጣ፤ እዚህ ሮዝ፣ እዚያ ምንም፣ ዳር የለው መሐል የለው።

«ይህ የባለቤትዎ ነው። እንዲህ ሆኖ ምንም አይነግረኝም። አሁን ደግሞ የጤነኛ ሰው ጨጓራ ላሳይዎት፤ እኛ የምንማርበት ነው።»

ገላኔ መስታወቱን ቀየረች። ፋዲላ ዓይኗን ወደ ማይክሮስኮፑ መለሰች።

ከላይ አንድ ተርታ ቆሟል፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እንደሚሰግዱ ሰዎች ቀጥ ያለ። ከተርታው ሥር ጉድጓዶች ወደ ታች ይወርዳሉ፤ አንዱ ከሌላው ጎን፣ ዓይን እስኪደክም ድረስ። በየጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ክብ ክብ ሮዝ ነገሮች ተደርድረዋል፤ ታች ወለሉ ላይ ሐምራዊ ሐምራዊዎቹ ተሰብስበዋል። ባቱ ያሉት የአበባ እርሻዎች ከከፍታ ሲታዩ እንዲህ ናቸው። ግን ይህን የዘራው ማን ነው?

«ሱብሓነላህ» አለች ዓይኗን ሳታነሳ። «ይህ ሁሉ ስንት ያህላል?»

«የሰሊጥ ፍሬ አያህልም። ጉድጓዶቹ ፈሳሽ የሚያመነጩ ዕጢዎች ናቸው፣ አዴ። ሮዞቹ አሲድ ያመነጫሉ፤ ሐምራዊዎቹ ደግሞ ሥጋ የሚያፈርስ ነገር ያዘጋጃሉ። በእያንዳንዳችን ሆድ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሉ።»

«ሥጋ የሚያፈርስ?» ፋዲላ ቀና አለች። «ጨጓራውስ ሥጋ አይደለም እንዴ? ራሱን ለምን አይበላም?»

ገላኔ ፈገግ አለች። «እኔም ተማሪ ሆኜ ይህንኑ ጠይቄያለሁ። በላይኛው ተርታ ያሉትን አዩ? ዝልግልግ ነገር ያወጣሉ። እሱ ነው የሚሸፍነው። እነሱም ብዙ አይቆዩም፤ በአራት በአምስት ቀን ይረግፉና አዲስ ይተካል። ሰውየው ቢተኛ፣ ቢናደድ፣ መንገድ ላይ ቢሆን፣ እነሱ ሥራቸውን አያቋርጡም።»

ፋዲላ እንደገና አጎንብሳ አየች። ዝልግልጉን! ሠላሳ ዓመት በቢላዋ ጀርባ የፋቀችው፣ «ቆሻሻው ወጣለት» ብላ የደፋችው እሱን ነበር። ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያመሰግነው ሲጠብቅ የኖረ ዘበኛ መሰላት። ቀና ብላ ወደ ገላኔ ዞረች።

«ልጄ፣ ያ ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ውሃ ይከረፋል። አፍንጫ ይሰነጥቃል። እንዲህ የሚከረፋ ነገር ውስጥ ሥጋ አይቀመጥም ብዬ ደፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«በጨው አሸሁት። በሎሚ አጠብኩት። በንጹሕ ውሃ አድርጌ ፍሪጅ አስገባሁት። የባሏን ጨጓራ ሳታጥብ ላከች እንዳትሉኝ ብዬ ነው።»

«የቀረው ሚጥሚጣ ነበር» አለች ገላኔ፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ፣ አዴ!»

ፋዲላ ሳቀች፤ ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ።

«የከረፋዎት መድኃኒቱ ነው» አለች ገላኔ ወንበሯን አስጠግታ። «ሥጋው እንዳለ እንዲቆይ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ራሱን በልቶ ይፈርሳል። ጥፋቱ የነገርዎት ሰው አለመኖሩ ነው። ግን ቁስሉ ተራ ቁስል ይሁን ክፉ ነገር፣ ሌላ ናሙና ካልመጣ አላውቅም። ክፉ ከሆነም አሁን ሲደረስበት ነው የሚሻለው። ባለቤትዎ ቱቦውን እንደገና መዋጥ አለባቸው። ቶሎ።»

ሳሊህ ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ጭነት ይዞ ሊወጣ ነው። ፋዲላ የሞጆን ሚኒባስ ተሳፈረች።

ተሳቢዎቹ በተሰለፉበት አቧራ መሐል ሳሊህ ጎማ በመዶሻ እየመታ ይፈትሻል። ባልደረባው ዛኪር ከሩቅ አያት። «ሳሊህ! ትራፊክ መጥታብሃለች፤ መንጃ ፈቃድህን አውጣ!»

ሳሊህ ፊቷን ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠ። «ውጤቱ?»

«ውጤት የለም። አበላሸሁት።» ሁሉንም ነገረችው።

«በሎሚ?»

«በሎሚና በጨው።»

«እኔን?»

«አንተን።»

ሳሊህ ጎማው ላይ ተደግፎ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ኋላ ግን ሆዱን ያስያዘው ሕመሙ ሆነ። ላቡን ጠረገ። «በቃ እንግዲህ። አላህ ያለው ይሆናል። እኔ እንደሁ ምያለሁ።»

አልለመነችውም። በሰው ፊት አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ እጇን ዘርግታ ሆዱ ላይ አሳረፈች። ስለ ተርታው፣ ስለ ጉድጓዶቹ፣ ሲተኛም ሲነዳም ስለማያርፉት ነገረችው።

«አሁንም?» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አሁንም። ቱቦውን ከዋጥክ ስንት ቀንህ ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«የላይኞቹ በአራት በአምስት ቀን ይለወጣሉ ብላኛለች። ያኔ ቱቦው የነካቸው ዛሬ የሉም፣ ሳሊህ። ዛሬ ያሉት አዲስ ናቸው። ቱቦ አያውቁም። አልማሉም።»

ሳሊህ ወደ እጇ አየ። «ጉሮሮዬ ግን ያው ነው» አለ በመጨረሻ።

«ጉሮሮህን እኔ እይዝልሃለሁ። ለመሐላህም ማካካሻ አሥር ሚስኪን አበላለሁ።»

«ምን ልታበያቸው?»

«ዱለት።»

ዛኪር ወሬው ገብቶት ይሁን ሳይገባው መዳፉን ዘርግቶ ቆመ። ሳሊህ የተሳቢውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፤ ትንሽ ይዞት ቆየና ለቀቀለት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስት በባጃጅ ወደ ላቦራቶሪው ሄዱ። ሳሊህ ጠዋት ቱቦውን ውጦ ስለነበር ጉሮሮው ተልጦ መናገር አልቻለም። ፋዲላ ጠርሙሷን ሳታዘነብል ደረቷ ላይ ይዛታለች። ሽታው በክዳኑ ሥር ሾልኮ አፍንጫዋን ሲሰነጥቀው፣ ክዳኑን ይበልጥ አጠበቀችው።

ገላኔ ጠርሙሷን ተቀብላ ወደ ብርሃን አነሳቻት። «ሎሚ የለበትም?»

«የለበትም፣ ልጄ።»

በሩ ተዘጋ። ሁለቱ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ሳሊህ እጁን ሸሚዙ ሥር አስገብቶ ሆዱ ላይ አሳረፈ፤ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ዛሬ ጎርሳችሁ ውሃ ጠጥታችሁ ስትነሱ፣ እናንተም ለአንዲት አፍታ እጃችሁን እዚያ አሳርፉ። ያን ተርታ አስታውሱት፤ እነዚያን በር ላይ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎችም አትርሱብኝ።