ፈረሰኛው የወደቀበት ሥዕል

መጽሐፍ በክዳኑ አንጠልጥሎ የሚያነሣ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ቁጡ ነሽ ይሉኛል፤ ይበሉ! ከአባቴ የወረስኩት ነው። አባባ መጽሐፍ ጠራዥ ነው፤ እኔም እሱ ሥር አድጌ ጠራዥ ሆንኩ። ደንበኛ መጥቶ ያለቀለትን መጽሐፍ በክዳኑ ብድግ ካደረገ፣ የፈለገውን ያህል የተከበረ ሰው ቢሆን፣ አባባ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነበር የሚጮህበት። "በጀርባው ያዘው! ልጅ በጆሮው ይነሣል እንዴ?" ይለዋል። ሰውየው ደንግጦ በሁለት እጁ ያቅፈዋል።

ለአንዲት ጠማማ የወረቀት ቅጠል ሲል የጨረሰውን መጽሐፍ ክሩን በጥሶ እንደ አዲስ የሚሰፋ ሰው ነው። "ኧረ አባባ፣ በሞቴ፣ ማንም አያየውም!" ስንለው "እኔ አይቼዋለሁ" ይላል። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ይህን ሰው ነው እንግዲህ በቅርቡ ደም ግፊቱ ተነሥቶ ቀኝ ጎኑን ሽባ ያደረገው። ከሆስፒታል ሲመለስ አፉ ትንሽ ተጣሞ፣ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ተጋድሞ ነበር። የምንኖረው ከመጠረዣው ክፍል ጀርባ ነው። መሃል ያለው በር ክፍት ከሆነ፣ አባባ ከወንበሩ ሆኖ የሥራ ጠረጴዛውን፣ መጭመቂያውንና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ክሮች ያያል። ደስ ይለው ብዬ በሩን ስከፍት "ዝጊው" ይለኛል። እዘጋዋለሁ። ከዚያ ሄጄ ብቻዬን ኮላዬን እያማሰልኩ እነጫነጫለሁ።

እግሩን የምታሠራው ሲስተር በየሳምንቱ ትመጣለች። ወርቅ የሆነች ልጅ ናት፤ ግን መቆጣት አታውቅበትም። "አባባ፣ እስቲ ትከሻዬን ይያዙና እንነሣ" ስትለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አንድ ቀን ስሸኛት በር ላይ ቆም አለች።

"እትዬ፣ እግራቸው መቆም ይችላል" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አቅሙ አላቸው፤ ፈቃዱ ነው የጠፋው። አሁን ካልጀመሩ ግን ጅማታቸው እየደረቀ ይሄዳል። ያኔ ራሳቸው ቢፈልጉም አይሆንላቸውም።"

አባባ ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ የሠራ ሰው ነው። እዚያ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ሲደርቅ ቆሜ ልየው? ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት። ታናሽ እህቴ ደግሞ በእሷ ቤት ልታጽናናው መጥታ "አይዞህ አባባ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለችው።

"ይኼኛው እንቁላል ተሰብሯል ልጄ" አላት።

እሷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ሁለታችንም ወደ ጓዳ ገብተን ተቃቅፈን አለቀስን።

የፈረሰኞቹ መጽሐፍ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። አባባ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ክዳኑ ተገንጥሎ፣ ቅጠሎቹ ተበታትነው አግኝቶት፣ እኛ ልጆች ሳለን እቤት አምጥቶ የጠረዘው ትልቅ መጽሐፍ ነው። የድሮ የባሕር ማዶ ፈረሰኞች፣ ከራስ እስከ እግራቸው ብረት የሚለብሱት፣ ስለ እነሱ የሚነገረው ተረት ነው ያለበት። ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ አባባም እኛም አንዲት ቃል ማንበብ አንችልም። ግን ሥዕሎቹ! ወይ እጅ! በወፍራም ወረቀት ለብቻቸው የታተሙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ላይ ስስ ወረቀት ተጋርዶበታል። ያን ግርዶሽ ስትገልጠው ትንፋሽህ ቀጥ ይላል። ሠዓሊው የብረት ጓንቱን ጣት በየመገጣጠሚያው ለይቶ ስሎታል። ፈረሱ ካነሣው ኮቴ ሥር ምስማሮቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። ማን ያይልኛል ሳይል ያን ሁሉ የደከመ ሰው፣ እንደ አባባ ያለ ሰው መሆን አለበት እላለሁ።

ታሪኩን አባባ ነበር ከሥዕሎቹ እያየ የሚነግረን። የመጀመሪያው ሥዕል ላይ አንድ ፈረሰኛ ወንዝ ዳር ወድቋል። ጋሻው ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ጓደኛው ተንበርክኮ ጭንቅላቱን ይዞታል። "ሰውየው ወደቀ" ይላል አባባ። "ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጓደኛው አነሣው!" እንላለን ተሽቀዳድመን።

ከዚያ በየሥዕሉ ሰውየው ይታከማል፣ ብረቱን ይለብሳል፣ ከዘንዶ ጋር ይታገላል፣ ለንግሥቲቱ እጅ ይነሣል። የመጨረሻው ሥዕል ላይ ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ፣ ብረቱ እያብረቀረቀ፣ ባንዲራውን ይዞ ከትልቅ በር በፈረስ ይወጣል።

እኔ መጽሐፉ በተጠረዘበት ጊዜ ከወረቀት መጋዘኑ መሰላል ወድቄ ዳሌዬ ተሰብሮ አልጋ ላይ ነበርኩ። አጥንቱ ከገጠመ በኋላ እንኳ እግሬን መሬት አላስነካም ብዬ ሰፈሩን በጩኸት አናውጥ ነበር። በኋላ ተነሣሁ። ዛሬም አነክሳለሁ፤ ግን ሥራዬን ቆሜ ነው የምሠራው፣ ማንም ቀድሞኝ አይደርስም።

ታዲያ ያን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረድኩት። የእህቴ ባል መምህር ነው፤ ያን ቋንቋ ያውቃል። እስከ ዛሬ ያላሰብነው ይገርመኛል፤ ለካ ሁላችንም ታሪኩን የምናውቀው መስሎን ኖሯል። ለአባባ እውነተኛውን ታሪክ ከጽሑፉ ቢያነብለት ደስ ይለዋል፣ ደስ ካለው ደግሞ ምናልባት ይነሣል ብዬ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠራኋቸው።

መምህሩ ከአባባ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ገና የመጀመሪያው ሥዕል ላይ ቆመ። ከሥሩ ያለችውን ጽሑፍ አነበባት፤ ደግሞ አነበባት። ወደ መጨረሻው ገልብጦ አየና ተመልሶ መጣ።

"እትዬ፣ ይኼ ሥዕል እዚህ ምን ይሠራል?"

"ምን ማለትህ ነው? መጀመሪያው እኮ ነው።"

"'የፈረሰኛው መጨረሻ' ነው የሚለው። ሰውየው እዚህ ጋ ይሞታል። ከበር የሚወጣበት ደግሞ 'ፈረሰኛው ከአባቱ ቤት ሲወጣ' ይላል፤ ታሪኩ የሚጀምረው በዚያ ነው።" ራሱን ነቀነቀ። "ጽሑፉ በትክክል ነው የተደረደረው። ሁለቱ ሥዕሎች ናቸው የተለዋወጡት። ጠራዡ ተሳስቷል።"

እህቴ ጭኑን ቆነጠጠችው።

"ጠራዡ አጠገብህ ተቀምጧል" አልኩት።

ምስኪኑ ላብ በላብ ሆነ። "ይቅርታ አባባ፣ እኔ እኮ እርስዎን ማለቴ አይደለም…" አባባ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል።

አባባ ሊሳሳት! የቀረው ነገር ቢኖር ሥራው ነው፤ በጤነኛ እጁ የሠራውም ጠማማ ነበር ብሎ ካመነማ አበቃለት። መምህሩን ልጮህበት አሰብኩ፤ ግን ምን ብዬ? ማንበብ ቻልክ ብዬ? አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ፣ ሥዕሎቹን ነቅዬ በየቦታቸው እመልሳለሁ፣ ነገሩም ይዘጋል አልኩ። መጽሐፉን ታቅፌ የመሃሉን በር ከፍቼ ወደ መጠረዣው ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ስለታሙን ቢላ አነሣሁ። በሩን መዝጋት እንኳ ረስቻለሁ።

የወደቀውን ፈረሰኛ ሥዕል ከሥሩ ለመንቀል ጎንበስ ስል እጄ ቆመ።

ሌሎቹ ሥዕሎች ከማተሚያ ቤት እንደወጡ ናቸው፤ ጠርዛቸው ላይ ቀጭን ኮላ ተቀብቶ ነው የተለጠፉት። ይኼኛው ግን ሥሩ ላይ ስስ ጨርቅ ተደርጎለት፣ ከጽሑፉ ቅጠሎች ጋር በክር ተሰፍቷል። ገልብጬ የመጨረሻውን አየሁት። እሱም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ስፌት የአባባ ነው፤ ከመሬት ባነሣው አውቀዋለሁ። ማንም በቀላሉ እንዳይነቅለው ታስቦ የተሠራ ነው። በስህተት የሚሠራ ሰው እንዲህ አይደክምም።

"ቢላውን አስቀምጪ!"

ዞር አልኩ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ያለ ድምፅ አውጥቶ አያውቅም። በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ወደ ፊት ተስቧል።

"አባባ… አውቀህ ነው እንዴ?"

"አውቄ ነው" አለ። ቃላቱ አንድ በአንድ፣ እየተጎተቱ ነበር የሚወጡት። "ሻጩ ነግሮኝ ነበር። መጨረሻው ላይ ይሞታል አለኝ።"

"ታዲያ ለምን?"

"አንቺ መጽሐፍ ሲሰጥሽ ከኋላ ነበር የምትጀምሪው። መጨረሻውን ሳታዪ አታርፊም። ሰውየው ሞቶ ካየሽ በኋላ ማን ያነሣሻል? እግርሽን ብርድ ልብስ ውስጥ ሰብስበሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራሁ። እኔ ደግሞ መለመን አልችልበትም። የማውቀው መስፋት ነው፤ ሰፋሁት።"

እንባዬ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። ያ ለአንዲት ጠማማ ቅጠል እንቅልፍ የሚያጣ ሰው፣ ለእኔ ሲል ሁለት ቅጠል እያወቀ ያለ ቦታው ሰፍቷል። ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ አይቶ "ጠራዡ ተሳስቷል" ሊለው እንደሚችል እያወቀ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦታል። ዛሬም መምህሩ ሲለው ዝም ብሎ ተሰደበ እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔ ብረት የለበሰ ፈረሰኛ ሳደንቅ ነው ያደግሁት፤ የእኔው እዚሁ ቤት ሽርጡን ታጥቆ ሲሰፋ ነበር።

ቢላውን አስቀመጥኩ። መጽሐፉን ታቅፌ እያነከስኩ ተመለስኩና በድን ቀኝ እጁ ባለበት ጭኑ ላይ ዘርግቼ፣ ስሱን ወረቀት ገለጥኩለት።

"ሰውየው ወደቀ" አልኩት። "ከዚያስ?"

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

"አባባ፣ ከዚያስ?"

ወንዝ ዳር የወደቀውን ሰው አየ። የተንበረከከውን ጓደኛውን አየ።

"ከዚያማ…" አለ፣ "ከዚያማ ጓደኛው አነሣው።"

ጎንበስ ብዬ ትከሻዬን በብብቱ ሥር አስገባሁ። "እንግዲህ እኔ አንድ እግሬ አንካሳ ነው፤ ከከበድከኝ ተያይዘን ነው የምንወድቀው።"

"ምላሰኛ" አለኝ። ግራ እጁ ግን ትከሻዬን ጭምድድ አድርጎ ያዘ።

ከበደኝ፤ እናቴ ድረሽ አሰኘኝ። እህቴ በሌላው ጎን ሮጣ ገባች። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፣ እጥፍ አለ፣ ደግሞ ተዘረጋ። መጽሐፉ ከጭኑ ተንሸራቶ ሊወድቅ ሲል መምህሩ ዘልሎ ቀለበው፤ ምን ያድርግ፣ ባገኘው በኩል፣ በክዳኑ ነበር አንጠልጥሎ ያነሣው።

"በጀርባው ያዘው!" ብሎ ጮኸበት አባባ። "ልጅ በጆሮው ይነሣል እንዴ?"

መምህሩ ደንግጦ መጽሐፉን በሁለት እጁ አቀፈው። አባባ ግን አልበረደለትም፤ እኔና እህቴ ትከሻ ላይ ተደግፎ፣ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ስለ መጽሐፍ አያያዝ ሲቆጣ ቆየ። እኛም ደግፈን እንደያዝነው ቁጣውን ተቀበልን።