ወለሉ ሲተነፍስ

ዴላኒ እናቷን ጋራዡ ወለል ላይ በደረቷ ተኝታ ያገኘቻት ቀን፣ የወደቀች መስሏት ጮኸች። እንዴት አትጮህ! አባቷን ያጣችው እዛው ወለል ላይ ነዋ። እናቷ ሮንዳ ግን ምንም አልሆነችም። አንድ ጆሮዋን ሊሾው ላይ ለጥፋ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ «እሽሽሽ! አባትሽ ነው። ስሚው፣ እየተነፈሰ ነው» አለቻት። እንደ እብድ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ልክ «ዝናብ መጣ፣ ልብስ አስገቢ» እንደሚባለው ነው ያለችው። ዴላኒን በጣም ያስፈራት እሱ ነው።

አባቷ ግሌን ያኔ ከሞተ ገና ወር አልሞላውም። ፒክአፑን በክሪክ አንስቶ፣ ስሩ ገብቶ ዘይት ሲቀይር ልቡ ቀጥ አለች፣ በቃ። ዘይቱ በዙሪያው ሲፈስ ውሎ፣ እሱንም መኪናውንም ካነሱ በኋላ ሊሾው ላይ ጥቁር ምልክት ቀረ። ምልክቱ ትከሻ አለው። ጭንቅላት የሚመስል ነገርም አለው። ዴላኒ «ዘይት ነው፣ ዘይት ብቻ ነው» እያለች ራሷን ልታሳምን ብትሞክርም፣ ባየችው ቁጥር ሰውነቷን ውርር ያደርጋታል።

እነሱ ሰፈር በጋ ላይ ሳሎን ማለት ጋራዥ ነው። ኢንዲያና ውስጥ፣ አንድ በኩል የበቆሎ እርሻ ሌላ በኩል ቤት ብቻ የሆነች ትንሽ ከተማ ናት። ሰዉ ከሥራ ሲመለስ የጋራዡን ትልቅ በር ወደ ላይ ይከፍትና፣ ታጣፊ ወንበር ዘርግቶ፣ ቢራውን ይዞ መንገድ ሲያይ ያመሻል። በሩ ክፍት ከሆነ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል። ዝግ ከሆነ ማንም ድርሽ አይልም። ማንም የጻፈው ሕግ አይደለም፣ ግን ሁሉም ያከብረዋል። የነዴላኒ በር ደግሞ ግሌን ከሞተ ጀምሮ አንድ ቀን አልተከፈተም። ጎረቤቶቹ በአይብ የተጋገረ መኮሮኒ የፊት ለፊት ደረጃው ላይ እያስቀመጡ፣ ቀስ ብለው ይሄዳሉ።

ሮንዳ ሥራ ተወች። ምግብ ተወች። በበጋ ሙቀት፣ በተዘጋ ጋራዥ፣ ቀኑን ሙሉ እዛ ምልክት ላይ ጆሮዋን ደፍታ ትውላለች። ስትነሳ ጉንጯ ላይ የሊሾው ሻካራነት ታትሞ ይቀራል። ዴላኒ ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ እናቷ ከዛ ወለል ተነስታ፣ በሩን አልፋ፣ ፀሐይ ላይ እንድትቀመጥ ብቻ ነው። ካልሆነ ሁለተኛ ሰው እዛው ወለል ላይ ማጣቷ እንደሆነ ገብቷታል።

ዘዴውን ያመጣው የአባቷ ወንድም አጎት ቨርን ነው። ቨርን የሰፈሩን ግማሽ ጋራዥ ኢፖክሲ የቀባ ሰው ነው። ኢፖክሲ ታውቁ የለ፣ ሲደርቅ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው፣ ላዩ ላይ ባለ ቀለም ብጥስጣሽ የሚበተንበት ወለል።

«ስሚ» አላት ስልክ ላይ፣ «ምልክቱ ነው እኮ የያዛት። ምልክቱ ከሌለ ምን ላይ ትተኛለች?»

«ብትናደድስ?»

«ትናደድ! ከተናደደች ራሱ ስንት ጊዜዋ ነው? ቁጣ እኮ የጤና ነው።»

በጋው ሊያልቅ ሲል፣ የሠራተኞች ቀን የሚከበርበት እስከ ሰኞ የሚዘልቅ ረጅም ዊኬንድ ሲመጣ፣ ሚሺጋን የምትኖረው የዴላኒ አክስት መጥታ ሮንዳን እየለመነችም እየጎተተችም ወሰደቻት። መኪናዋ ኩርባውን ሳትዞር ቨርን ከነባልዲው ከች አለ።

መጀመሪያ ላስቲክ ነው። ካሬ ላስቲክ ቆርጦ፣ አራቱንም ጎን በፕላስተር ወለሉ ላይ ይለጥፍና አሳድሮ ያየዋል። ከስሩ ካላበ ሊሾው እርጥበት አለው፣ አይቀባም፤ ደረቅ ከሆነ ይቀባል። ቨርን ሦስት ቦታ ለጠፈ፣ አንዱን ምልክቱ ላይ።

ጠዋት ሁለቱ ላስቲኮች ደረቅ ናቸው፣ ጥርት ብለው። ሦስተኛው ጭጋግ ለብሷል። መልበሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ዴላኒ ተንበርክካ ስታየው ጭጋጉ ቀስ ብሎ ጠፋ። ከዛ ከመሀል ጀምሮ እንደገና መጣ። እንደገና ጠፋ። ክረምት ላይ መስኮት ላይ ተደግፎ የሚያንቀላፋ ሰው መስታወቱን እንደሚያደርገው።

«አጎቴ፣ ና እየው እስቲ።»

ቨርን መጥቶ አየ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«ሙቀት ነው» አለ። «ቀኑ ሲሞቅ ሲሚንቶ ውስጥ ያለው አየር ይወጣል። ያለ ነገር ነው።»

«ሌሎቹስ ለምን አላወጡም?»

«ዴላኒ፣ አንቺ ደግሞ እንደ ፖሊስ አትመርምሪኝ።»

«ካላበ አይቀባም ያልከው አንተ ነህ እኮ!»

«እሱ ለሌላ ሰው ቤት ነው» አለና ላስቲኩን በአንድ ጊዜ ቦጨቀው።

ይሄ ሰውዬ የሰው ጋራዥ ላይ ትንሽ ላብ ካየ ዕቃውን ጭኖ ወደ ቤቱ የሚሄድ ነው። የወንድሙ ቤት ላይ ግን ዓይኑን ጨፈነ። እናቷ ሰኞ ልትመለስ ነው፣ ሌላ ዕድል የለም፤ ዴላኒም ሳሙናውን አመጣች።

ዘይቱን በሳሙና ፈገፈጉት፣ ከዛ አሲድ አፈሰሱበት። ሊሾው እየተንጨረጨረ አረፋ ደፈቀ። አጥበው፣ አድርቀው ሲያዩት ምልክቱ ገርጥቷል፣ ትከሻው ግን አለ።

«ግሌን ድሮም ግትር ነው» አለ ቨርን እየሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተቋረጠበት።

ከሰዓት በኋላ ኢፖክሲው የሚመጣበትን ሁለት ጣሳ ቀላቀሉ። ኢፖክሲ ነገረኛ ነው፣ አንዴ ከተቀላቀለ ባልዲው ውስጥ በራሱ መጋል ይጀምራል፤ ቶሎ ካልደፉት እዛው ድንጋይ ይሆናል። ልተወው፣ ነገ ልቀጥል የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ከስሩ ረጃጅም ሚስማር ያለው ጫማ አሰሩ፤ እርጥቡ ላይ የሚራመዱት በሱ ነው።

«ሸረሪት መሰልሽ» አላት።

«አንተ ደግሞ ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ጃርት መስለሃል።»

እየተሳሳቁ ከኋላው ግድግዳ ጀምረው፣ ግራጫውን ኢፖክሲ እየደፉ፣ በቀለም መቀቢያ ሩሎ እየሳቡ ወደ በሩ መጡ። ምልክቱ ጋ እስኪደርሱ ድረስ ደስ ይል ነበር፣ እውነት።

ቨርን ሩሎውን ምልክቱ ላይ አሳለፈ። ጥቁሩ ጠፋ። ሊያልፍ ሲል አንድ ትልቅ አረፋ ከመሀል ተነፋ፣ ተነፋ፣ ፈነዳና «እፍፍ» አለ። በሩሎ መታው። ትንሽ ቆይቶ እዛው ቦታ፣ እንደገና። «እፍፍ።» ሌላ የትም አረፋ የለም። ዴላኒ ሳታስበው ራሷ ከአረፋው እኩል እየተነፈሰች እንደሆነ ሲገባት ትንፋሿን ያዘች። አረፋውም ያዘ። ስትለቀው ለቀቀ።

«ግሌን» አለ ቨርን በጣም ቀስ ብሎ፣ «ተው እንጂ ወንድሜ።»

ያ ሁሉ ቀልደኛ ሰውዬ ሩሎውን ይዞ፣ በሚስማር ጫማ፣ እንደ ሕፃን ቆሞ ቀረ። ባልዲው ጋለ። ዴላኒ እናቷን አሰበች። ጉንጯ ላይ የሚታተመውን አሰበች። ሩሎውን ከእጁ ቀማችውና አለፈችበት፣ መለሰች፣ አለፈችበት፣ «ይቅርታ አባ፣ ይቅርታ» እያለች፤ አረፋው እስኪያቆም። ከዛ ለዶሮ ጥሬ እንደሚበትን ሰው ባለ ቀለሙን ብጥስጣሽ በላዩ በተነችበት። ጋራዡ ጭጭ አለ። ቨርን ዕቃውን ሰብስቦ ደህና ዋይ እንኳን ሳይላት ሄደ።

ሰኞ ሮንዳ ተመለሰች። በቤት ውስጥ በኩል ያለውን በር ከፍታ ጋራዡን አየች። ዴላኒ ለቁጣው ተዘጋጅታ ነበር። ቁጣ አልመጣም። እናቷ ጫማዋን አወለቀች፣ ያንን የሚያብለጨልጭ ግራጫ ላይ ገባች፣ ተንበረከከች፣ ጆሮዋን ደፋች። ተነሳች። አንድ እርምጃ አለፍ ብላ እንደገና ደፋች። እንደገና። ከግድግዳ ግድግዳ፣ በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች፣ ፀጉሯ ወለሉን እየጠረገ።

ወይኔ! ድሮ ቢያንስ አንድ ቦታ ነበር የምትተኛው። አሁን ወለሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ፣ እና ወለሉ ሁሉ አባቷ ሆነ።

«የት አደረጋችሁት?» አለች ሮንዳ ቀና ብላ። ዓይኗ ደረቅ ነው። «ዴላኒ፣ የት ነው? አንቺ ታውቂያለሽ።»

ማወቅማ ታውቃለች። ዓይኗን ጨፍና እንኳን ትደርስበታለች። ብታሳያት እናቷ ተመልሳ እዛው ልትተኛ ነው፣ ምናልባት ሁለተኛ ላትነሳ። ዴላኒ አላሳየችም። ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫነች፣ ትልቁ በር እየተንገጫገጨ ወደ ላይ ሄደ፣ ፀሐይ ወለሉ ላይ ዘለለ። በሩ አፍ ላይ፣ ብርሃኑ ያረፈበትን ቦታ ጠቆመች።

«እዚህ ነው፣ እማ።»

ውሸት ነው። አባቷ እዛ ጋ ተኝቶ አያውቅም። ግን ዛሬ በሩ አፍ፣ ነገ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ እያለች እያለች እናቷን ልታወጣት አስባ ነው።

ሮንዳ እየዳኸች መጣች። ተኛች። ፊቷ ላላ።

«አለ» አለች። «እዚህ ነው። እንዴት ያለ ልጅ ነሽ።»

ዴላኒ በራሷ አፈረች። እናቷን ብቻዋን ላለመተው አጠገቧ ተኛች፣ ጆሮዋን ወለሉ ላይ አደረገች። ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ የኢፖክሲው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከዛ ሰማችው።

ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ። ረጅም ወደ ውጭ፣ መጨረሻው ላይ ቀጭን ፉጨት ያለበት። ግሌን ልጅ እያለ አፍንጫው ተሰብሮ ነበር፣ ሲተኛ ያፏጫል። በዓለም ላይ እንደዛ የሚተነፍስ ሌላ ሰው የለም። እሷ በውሸት ጠቆመች፣ እሱ እዛ ነበር።

«እየሄደ ነው» አለች እናቷ።

እውነትም እየሄደ ነው። ድምፁ ከጆሯቸው ስር ሸሸ፣ ወደ ውጭ። ሮንዳ ተከተለችው። ኢፖክሲው የሚያልቅበትን መስመር አልፋ፣ መኪና መግቢያው ላይ ወጣች፣ በስንት ጊዜዋ ፀሐይ ጀርባዋን መታት። እየደፋች፣ እየተነሳች፣ እየሳቀች ሁላ። «ግሌን! ወዴት ነው? ቆይ እንጂ!» ዴላኒ ከኋላዋ።

በሩ ተከፍቶ ያዩት ሚስስ ሆፍማን ከማዶ ሣራቸውን ውሃ ማጠጣት ትተው ቆሙ። «ሮንዳዬ! ምን ጠፋብሽ የኔ እመቤት? መጥቼ ላፈላልግሽ?»

«ምንም አይደለም ሚስስ ሆፍማን!» አለች ዴላኒ። ድምፅዋ ቀጠነባት።

መንገዱ ጠርዝ ላይ ደረሱ። ከዛ ወዲያ አስፋልቱ ነው፣ ከአስፋልቱ ማዶ የሚስስ ሆፍማን ቤት፣ ከሱ ኋላ ዓይን እስከሚችለው በቆሎ። ሮንዳ ጠርዙ ላይ ተኛች። አንድ የእህል መኪና በረጅሙ ጡሩምባውን እየነፋ በአጠገባቸው አለፈ፣ ነፋሱ ቀሚሷን ገለበው፤ እሷ አልተነቃነቀችም። ዴላኒም ጆሮዋን ደፋች።

አለ። አስፋልቱ ስር ገብቷል። ግልጽ ነው፣ ፉጨቱ ሳይቀር። አይቸኩልም፣ አይቆምም። ወደ በቆሎው እየሄደ ነው።

«ይሰማሻል?» አለች እናቷ። ክርኗን ተደግፋ፣ አንድ እጇን አስፋልቱ ላይ አሳርፋ፣ ልትነሳ ወይም ልትዳኽ ተዘጋጅታለች። «ዴላኒ? ይሰማሻል ወይ?»

ይሰማል ብትል አስፋልቱን፣ ከዛ እርሻውን፣ ከዛ ማን ያውቃል የት ድረስ ትከተለዋለች። ዴላኒ የአባቷን ትንፋሽ ለመጨረሻ ጊዜ እያዳመጠች እንደሆነ ገባት። አንድ ጊዜ ተጨማሪ እስኪወጣ ጠበቀች፣ ፉጨቱ እስኪያልቅ።

«አይሰማም» አለች። «ምንም የለም፣ እማ።»

ሮንዳ የልጇን ፊት አየችው። ብዙ አየችው፣ ዴላኒ ዓይኗን መስበር እስኪያምራት። ከዛ እጇን ከአስፋልቱ ላይ ቀስ ብላ አነሳች፣ የሚያቃጥል ነገር ላይ እንደነበረች ያህል አሸችው።

«እኔም አልሰማም» አለች። «አንሺኝ፣ ጉልበቴ አለቀ።»