መስኮቱን የከፈተችው ሴት

ከድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ተሰማ።

ትልቅ ሳቅ አይደለም። አፍን በጋቢ ጫፍ አፍኖ በአፍንጫ የሚለቀቅ፣ የለቅሶ ቤት ሳቅ ነው። ፈለቀች ግን ሰማችው። ባሏ ፍቅሩ ትናንት ተቀብሯል፤ እሷ ሳሎኑ ውስጥ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። ከጎኗ ካሉት ሴቶች አንዷ ወጥታ ወንዶቹን ልትገሥጽ ስትነሳ ፈለቀች ቀሚሷን ያዘቻት። ወሬውን መስማት ፈልጋለች።

ወንዶቹ የሚያወሩት ፍቅሩ ድሮ ያሳያቸው ስለነበረው ፊልም ነው። ንፍሮውን እየቆረጠሙ ሁሉም የየራሱን ፊልም ያወራል። አንዱ ደም መጣጩ ሰውዬ የሞተው በፀበል ነው አለ። ሌላው በጥይት ነው ብሎ ማለ። ሦስተኛው፣ የባጃጅ ሾፌር ነው፣ ሰውየው ከቆላ ወጥቶ ጣርማ በርን ሲሻገር ብርድ መትቶት ነው የሞተው አለና ነው ያሳቃቸው።

«በፀሐይ ነው የሞተው» አለች ፈለቀች ለራሷ፣ በቀስታ። ሴቶቹ ተያዩ። ሐዘኑ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ ብለው ሳይሆን አይቀርም አንዷ ውሃ አቀበለቻት።

ፊልሙን ከእሷ በላይ ያየ ሰው በሸዋ ሮቢት የለም።

ያኔ እንደ ዛሬው ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አንገቱን አይደፋም ነበር። ፍቅሩና ጓደኛው አብዱልሃዲ በሽርክና የከፈቱት ቪዲዮ ቤት ነበር። ቤቱ ቀድሞ የሽንኩርት መጋዘን ስለነበረ ሽታው አልለቀቀውም፤ ተመልካቹ ሲያለቅስ ያስለቀሰው ፊልሙ ይሁን ሽንኩርቱ በውል አይታወቅም። አብዱልሃዲ ኋላ ሆኖ የካሴት ማጫወቻውን ዴክና ጄኔሬተሩን ይጠብቃል፣ ፈለቀች በር ላይ ፈንዲሻ ትሸጣለች፣ ፍቅሩ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉማል። የሚተረጉመውን ቋንቋ አያውቅም። አለማወቁን ከተማው በሙሉ ያውቅ ነበር፤ ግን ደግ ሕዝብ ነንና አላነሳንበትም።

ያንን ፊልም ፍቅሩ ከአዲስ አበባ ሲያመጣው ልባሱ የወለቀ፣ ስሙ የማይታወቅ ካሴት ነበር። ጥቁርና ነጭ ነው። የመጀመሪያ ቀን የታየ ጊዜ አዳራሹ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል ብሎ ጮኸ፤ አንድ የሽንኩርት ነጋዴማ ተነስቶ ቀለሙ እንዲመለስ ጎኑን በጥፊ መታው። ፍቅሩ ፊልሙን አስቆመና ሰዉ ፊት ቆመ። ቀለም ቢኖረው ደሙን ብቻ ነበር የምታዩት አላቸው፤ አሁን ግን የሰውየውን ፊት ታያላችሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊልም እያስቆሙ መናገር ልማዱ ሆነ። ራሱ «ትንታኔ» ይለዋል፤ ከሬዲዮ የለቀማት ቃል ናት። በትንታኔው ምክንያት ያ ፊልም ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ፀሐይ እስክትገባ አያልቅም ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ባላባት ከወንዝ ማዶ በፈረሰ ቤት ውስጥ ይኖራል። ቀን ሬሳ ነው፣ ማታ ተነስቶ የሰው ደም ይጠጣል። ጥላ የለውም። በመብራት ፊት ሲያልፍ ፍቅሩ በሹክሹክታ «ሰውየውን ተዉት፤ ግድግዳውን እዩ» ይላል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ባዶ ግድግዳ እያየ ትንፋሹን ይውጣል። ሌላም ነገር አለበት፤ ባላባቱ የቤቱ ሰው ግባ ካላለው የማንንም ደጃፍ አያልፍም። እናም የአንድ ሐኪም ሚስት መስኮት ሥር ዝናብ እየወረደበት ይቆማል። ሴትየዋ ከላይ ታየዋለች። ብዙ ታየዋለች። ከዚያ መስኮቱን ትከፍታለች።

ደም መጣጭ ለእኛ ለወባ አገር ሰዎች እምብዛም ብርቅ አልነበረም። ፍቅሩ ያን ቦታ አስቁሞ ስለ ሴትየዋ ዕጣ ፈንታ በተሰበረ ድምፅ ሲናገር፣ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ጥፋቱ የእሷው ነው፣ አጎበር ዘርግታ ብትተኛ ይህ ሁሉ አይመጣባትም ነበር አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አብዱልሃዲ ሳቁ ሲበዛበት ጄኔሬተሩ ላይ ተደፋ። ፍቅሩ እስከ ማግስቱ አኮረፈ፤ በማግስቱ ግን አጎበሯን ራሱ ትንታኔው ውስጥ አስገባት።

ፈለቀች ይህን እያስታወሰች ከንፈሯ ሊፈታ ሲል ልጇ ኤደን አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። ኤደን አንድ ልጃቸው ናት፤ አፋር፣ ሎጊያ ነው የምትኖረው፣ ለቀብሩ ከባሏ ጋር ደርሳለች። ወደ እናቷ ጆሮ ተጠግታ ጋሼ አብዱልሃዲ የት እንዳለ ጠየቀች፤ ቀብሩም ላይ አላየችውም፣ ድንኳኑም ውስጥ የለም።

ሴቶቹ ድንገት የነጠላቸውን ጥለት ያስተካክሉ ጀመር።

በእኛ አገር ሰውን ለሠርግ ይጠሩታል እንጂ ለለቅሶ አይጠሩትም። ሰው ሰምቶ ራሱ ይመጣል። ሰው ሞቶብህ ሳይመጣ፣ የእድሩ ድንኳን እስኪነቀል ድረስ ያልታየ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ቤትህ ቤቱ አይደለም፤ እሳት እንኳ አትዋዋሱም። ድንኳኑ ነገ ሰልስቱ እንዳለቀ ይነቀላል። ፈለቀች ደግሞ ወንድም የላትም። ኤደንን ያማጠች ቀን በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደረሳት አብዱልሃዲ ነው፤ እናቷ የሞቱ ጊዜ ድንኳኑን ያስተከለ እሱ ነው። ባሏን ቀብራ ሳታበቃ ወንድሟን ደግሞ በቁሙ ልትቀብረው ነው። ከትናንት ጀምሮ በእያንዳንዱ ኮቴ ቀና ትላለች፤ አይተን እንዳላየ ሆንን እንጂ ሁላችንም አይተናል።

«በፊልም ተጣሉ» አለች ለልጇ፤ ሌላውን ዋጠችው።

የዋጠችው ይሄ ነው። ኤደን ለማንም ሳትናገር ከአንድ የከባድ መኪና ሾፌር ጋር ሎጊያ የወረደችበት ሰሞን ነበር። ፍቅሩ ቪዲዮ ቤቱን አልዘጋም፤ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ያንኑ ፊልም ከፈተ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ አስቆመና ተታልላ ነው አለ፤ ዓይኑ ነው ያፈዘዛት፣ እሷ የምታደርገውን አታውቅም። ከኋላ አብዱልሃዲ የጄኔሬተሩን ገመድ እንደያዘ፣ ዘወትር እንደሚያደርገው ሊከራከረው፣ «ምን ተታለለች! ፊቷን አታይም እንዴ? አውቃ ነው የከፈተችው» አለ።

እሱ የተናገረው ስለ ፊልሙ ነው። አዳራሹ የሰማው ግን ስለ ኤደን ነው። ፍቅሩ ካሴቱን ከዴኩ መንጭቆ ሲያወጣ ክሩ ተከትሎት ወጣ፤ እንደ አንጀት ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ከዚያ ቪዲዮ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማው፣ «ስሞት ቀብሬ ላይ እንዳትቆም። አፈሬን እንዳትነካ» አለው።

እንዲህ ያለ መሐላ እኛ ዘንድ በካርታ ጨዋታም ይማላል፤ ሳይመሽ ሽማግሌ ገብቶ ያፈርሰዋል። የእነሱን ያላፈረሰው ሽማግሌ ጠፍቶ አይደለም። ሁለት የልጅ አባቶች ሽማግሌ ፊት ቆመው፣ በነበረ ባልነበረ ደም መጣጭ ተጣላን ማለት አሳፈራቸው። ስለ ኤደን ነው ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ አሳፈራቸው። እንደዚያው ቀረ። ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋና ሞባይል መሸጫ ሆነ፤ ሁለቱ በአንድ መንገድ ፊት ለፊት ሲመጡ አንዳቸው ባጃጅ አስቁሞ ይገባል፣ መሄጃ ባይኖረውም።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ የአብዱልሃዲ ሚስት ነዒማ መጣች። እሷ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አልቀረችም። ከፈለቀች ጎን ተቀመጠችና ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ ተናገረች። ባሌ ቤት የለም አለች። ከመርዶው ጀምሮ ከመንገዱ ማዶ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ነው። የጓሮው በርሜል ውሃ ሳይጎድል የዋለው እድሩ እየሞላው መስሎን ነበር፤ ለካ በር ላይ ጀሪካን እያስቀመጠ የሚመለሰው እሱ ኖሯል። ቀብሩንም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሆኖ አይቷል።

«ቆሞ አይደለም እትዬ ፈለቀች፤ እንዳይቆም ተምሎበታል አይደል፣ ተቀምጦ ነው» አለች ነዒማ። «ግባ ብለው ፍቅሩ ያላነሳውን መሐላ እኔ አላነሳም አለኝ።»

ፈለቀች ነጠላዋን አገጯ ድረስ ሳበችው።

ነዒማ ስትሄድ ኤደን እናቷን በጎን ታያት ጀመር። ፍቅሩ፣ ኤደን በሄደች በዓመቱ ልጅ ታቅፋ ስትመጣ፣ በግ አርዶ ነው የተቀበላት። ለመጣ ሰው ሁሉ ግን «አታለው የወሰዷት ልጄ» እያለ ነበር የሚያስተዋውቃት፤ ባሏ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እየሰማ። ኤደን ያንን ቃል ሳትወደው ስትኖር ኖራለች።

«እማዬ፣ እኔኮ ማንም አላታለለኝም» አለች። «አውቄ ነው የሄድኩት።»

«አውቃለሁ።»

«አባዬስ?»

ከድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ አሁንም ይንሾካሾካሉ፤ ባላባቱ በምን እንደሞተ ገና አልተስማሙም።

«ያውቅ ነበር። አውቃ ሄደች ካለ ግን መቆጣት አለበት። ተታልላ ነው ካለ ቁጭ ብሎ ሊጠብቅሽ ይችላል። አባትሽ መጠበቁን መረጠ።»

ኤደን ፊቷን በእናቷ ጉልበት ላይ ደፋች። ከቀብሩ ወዲህ ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው ያኔ ነው፤ ሴቶቹም ምን እንደተባለ ሳይሰሙ አጀቧት።

በማግስቱ ሰልስቱ ሆነ። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ እህል ቀመሰ፣ ጸሎት ተደርጎ አጽናኙ ተሰናበተ። የእድሩ ሰዎች አግዳሚዎቹን መጫን ጀመሩ። ፈለቀች በበሩ ስታይ የመጀመሪያው ካስማ ተነቀለ፤ ድንኳኑ በአንድ ጎኑ አንገቱን ደፋ።

ተነሳች። ሴቶቹ ሐዘንተኛ ከፍራሿ አትነሳም ብለው ሊይዟት ሞከሩ። በባዶ እግሯ ግቢውን አቋርጣ፣ አስፋልቱ ላይ የሚበር አንድ ባጃጅ አስቁማ፣ ወደ መንገዱ ማዶ ተሻገረች። እኛም መቼም አንኮነንም፤ አግዳሚውን እንደተሸከመ ቆሞ ያላያት ሰው አልነበረም።

አብዱልሃዲ ኒሟ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጢሙ ሸብቷል። ሲያያት ብድግ አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

«አላህ ያጽናሽ» አለ።

«እዚህ ሆነህ ነው የምታጽናናኝ?»

«ምሏል ፈለቀች።»

«የማለው በቀብሩ ነው። ቀብሩ አልፏል። ቤቱ የእኔ ነው፤ በእኔ ቤት ላይ አልማለም።»

አብዱልሃዲ አንገቱን ደፍቶ፣ «ስለ ፊልሙ ነበር የተናገርኩት፣ ወላሂ። ስለ ልጅቷ አልነበረም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አንቺስ ግን?» ቀና አለ። «በር ላይ ቆመሽ ስንት ጊዜ አይተሽዋል። አንድም ቀን አልጠየቅንሽም። ተታልላ ነው፣ አውቃ?»

ፈለቀች የሚያልፈውን የጭነት መኪና በዓይኗ ሸኘችው።

«ሁለታችሁም ሰውየውን ነው ስታዩ የኖራችሁት። እሷ መስኮቱን የከፈተችው ደጇ ላይ ሰው ቆሞ መተኛት አቅቷት ነው። ተነስ፣ ግባ።»

«ለለቅሶ ሰው ይጠራል እንዴ?»

«አይጠራም። ይሄው እስክሞት ይሳቅብኛል። ተነስ አልኩህ።»

ተነሳ። ቀድማው ተሻገረች፣ ተከተላት። ግቢው በር ላይ ሲደርስ ግን ዘገየ፤ ጫማውን ያውልቅ አያውልቅ ያልገባው ይመስል እግሩን እያየ ቆመ፣ ከዚያ ገባ። ገብቶም የሚቀመጥበት አላገኘም። ድንኳኑ ወርዷል። ካስማዎቹ ታስረዋል፣ አግዳሚዎቹ ሄደዋል፣ ሸራው ብቻ ግቢው ሙሉ አፈር ላይ ተዘርግቷል። እድርተኞቹ እሱን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ። ኤደን ከበሩ ላይ ወርዳ ጉልበቱን ልትስም ስትጎነበስ በክንዱ ደግፎ አነሳት።

እጁን የሚያደርግበት ያጣ ሰው ነበር የሚመስለው። ጎንበስ አለና የሸራውን አንድ ጫፍ ያዘ።

ሸራ ለብቻ አይታጠፍም። የእድሩ ዳኛ ሌላውን ጫፍ ሊይዝ ራመድ ሲል ፈለቀች ቀደመችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ጫፉን በሁለት እጇ አነሳች። ወጥረው አራገፉት፤ አቧራው ለጊዜው ሁለቱንም ሸፈናቸው። ከዚያ አንዱ ወደ ሌላው መራመድ ጀመሩ። መሐል ላይ ሲገናኙ ጫፏን እጁ ላይ አኖረችለትና፣ የታችኛውን እጥፋት ልታነሳ ጎንበስ አለች።