የንጉሥ ጠጅ ቤት ሰባቱ ቀማሾች

ብርሌው ከአያ ዘለቀ ከንፈር ገና ሳይለይ የስድስቱ ቀማሾች ዐይን በሽማግሌው ሽበታም ቅንድብ ላይ ተተክሎ፣ ሽቅብ ይወጣ ወይስ ይኮሳተር እንደሆነ በጭንቀት ይጠባበቅ ነበር፤ በዚያ ጥንታዊና ክቡር የንጉሥ ጠጅ ቤት፣ ከአበው በተላለፈው ሥርዓት፣ ታላቁ ቀማሽ ሳይፈርድ ታናሹ አንደበቱን አይከፍትም፣ ከፈረደም በኋላ የሚከራከረው የለምና። አዲሱ ሹም አዛዥ ወሰኔ ግን ብልህና ችኩል ሰው ነበርና፣ በተሾመ በሳምንቱ «ከእንግዲህ ታናሽ ይቅደም፣ ታላቅ ይከተል» ብሎ አዘዘ፤ ታናሾቹም እጅ ነሥተው መቅደሙን ቀደሙ፤ ነገር ግን ከመናገራቸው በፊት የአያ ዘለቀን ቅንድብ ሰረቅ አድርገው ያዩ ነበር። ሹሙ ይህን ነቅቶበት ሽማግሌውን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቢያስቀምጣቸው፣ ታናሾቹ ትከሻቸውን ማንበብ ጀመሩ። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ትእዛዝ አፍን ይገዛል፤ ዐይንን ግን ማን ይገዛዋል?

አያ ዘለቀ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ ጠባያቸው ጭምት ሽማግሌ ነበሩ፤ በውስጣቸው ግን ዕረፍት የሚነሣ ምሥጢር ይመላለስ ነበር። ካለፈው ክረምት ሕመማቸው ወዲህ ማርና እሬት፣ ጠጅና ውሃ ለምላሳቸው አንድ ሆነዋል። ነገ የንጉሡ ልጅ ሠርግ ነው፤ የሦስተኛው ጋን አረፋ ደግሞ መልኩ አላማራቸውም፤ የኮመጠጠ ጠጅ ለግብር ቢቀርብ ጠጅ ቤቱ መበተኑ፣ አብረዋቸው ያረጁትም ሁሉ ሜዳ ላይ መውደቃቸው ነው። ቁጭ አሉ፤ ተነሡ፤ ጋኑን ዞሩት፤ ደግመው ዞሩት።

«ምነው አያ ዘለቀ፣ ጋኑን ሊያጩት ነው እንዴ?» አለ ተድላ፣ ከሰባቱ ታናሽ የሆነው የሦስት ልጆች አባት፤ ሌሎቹም ሳቁ።

«ቀምሰኸዋል?» አሉት ሽማግሌው።

«ቀምሻለሁ።»

«እህ፣ እንዴት ነው?»

«እርስዎስ እንዴት አገኙት?»

በዚህ ጊዜ ሽማግሌው፣ አርባ ዓመት ያጠራቀሙትን ዝምታ ባንድ ትንፋሽ እንደሚያፈሱ ሁሉ ተናገሩ፦ «ስሙኝ ልጆቼ። የኔ ምላስ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። የቀመስሁ እየመሰልሁ እያታለልኋችሁ ከረምሁ። ጣዕሙ ያለው እናንተ ዘንድ ነው። በሉ ንገሩኝ፤ ይህ ጠጅ ኮምጥጧል ወይስ ደኅና ነው?»

ስድስቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ አንዱ የብርሌውን አንገት ያሻሽ ጀመር። በመጨረሻ ተድላ ሳቁን ትቶ፣ ኩታውን አጣፍቶ፣ በፍጹም ትሕትና ከወገቡ ጎንበስ አለና እንዲህ አላቸው፦

«የኛም ምላስ፣ አያ ዘለቀ፣ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው።»