የሦስቱ ነገሥታት ኪዳን

የዓለም ሥርዓት በሠራዊት ብዛትና በፈረስ ብርታት ብቻ ጸንቶ የሚኖር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አስተዋይ አንባቢ ግን ያውቀዋል፤ ኃያላን ከጦሩ ይልቅ የሚፈሩት ከጦሩ ጀርባ የቆመውን የወዳጅ መሐላ ነው፤ መሐላውም የሚፈራው የሚፈጸም እስከ መሰለ ድረስ ነው።

የአምባ ሐመል፣ የምድረ ዛራና የደብረ ጸዳል ነገሥታት በወንጌልና በመስቀል ፊት ቆመው፣ በውግዘት ታስረው፣ አንዱ ቢወረር ሁለቱ ሊዘምቱለት በተማማሉ ጊዜ፣ ቃሉን በብራና ያሰፈረው የአምባ ሐመሉ ጸሐፌ ትእዛዝ አለቃ ዘወንጌል ነበር። ጥንቁቅና ራሱን ተጠራጣሪ ሰው ስለ ነበረ፣ አንዱ ንጉሥ በጥቃቅን ጠብ ወዳጆቹን ወደ እልቂት እንዳይጎትት ፈርቶ፣ የተወረረው አገር አስቀድሞ ሦስት ሳምንት በየገበያው ነጋሪት ያስጎስም፣ ይህንም በየገበያው ምስክሮች ማኅተም ያስረዳ ዘንድ የሚያዝዝ ዐንቀጽ ጨመረበት። ነገሥታቱም ጥበቡን አመሰገኑለት።

በሰባተኛው ዓመት የበረሃው ንጉሥ ምድረ ዛራን በድንገት ወረረ፤ መልእክተኛዋ ፊታውራሪ አምኃም አቧራ ለብሶ ወደ አምባ ሐመል ንጉሥ መጥቶ ርዳታ ለመነ። ንጉሡ ፊቱን ወደ ጸሐፊው አዞረ። ዘወንጌል ብራናውን ዘርግቶ ነጋሪቱ በስንት ገበያ እንደ ተጎሰመ ጠየቀ።

«አለቃ፣» አለ ፊታውራሪው ፈገግ እንደ ማለት ብሎ፣ «ነጋሪቱስ ተፈልጎ ይገኝ ይሆናል። ገበያተኛውን ከየት ላምጣልዎት?»

ዘወንጌል ልቡ ቢታወክም፣ ዐንቀጹ እንዳልተፈጸመ፣ መሐላውም ገና እንደማያስር በትሕትና አስረዳ፤ መዝመቱን ያልወደደው ንጉሥም በዚሁ ተጽናና። ደብረ ጸዳልም አምባ ሐመልን አይታ ተቀመጠች። ምድረ ዛራ ጠፋች።

ከዚያ ወዲህ ዘወንጌል በቀትር፣ በቅዳሴ መካከል፣ ብርዑን ሲቀርጽ ሳይቀር፣ ከምሥራቅ የሚመጣ የነጋሪት ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ አንድ፣ ሁለት ብሎ ሲቈጥርም ሦስተኛው ሳይደርስ ይቋረጥበት ነበር። የነፍስ አባቱ፣ ከእውነት ያጎደልኸው አንዲት ፊደል የለችም ብለው ቢያጽናኑት፣ ይህ ቃላቸው ከድምፁ ይልቅ አስፈራው።

በዓመቱ የበረሃው ንጉሥ ወደ አምባ ሐመል ዞረ። ነጋሪቱ በአንድ ቅዳሜ ገበያ ተጎሰመ፤ ለሁለተኛው ቅዳሜ ጠላት ከከተማዋ በር እንደሚደርስ የማያውቅ አልነበረም። ንጉሡ ሦስት ገበያ ተጎስሟል ተብሎ ለደብረ ጸዳል እንዲጻፍ አዘዘ፤ ዘወንጌልም በዕድሜው የመጀመሪያውን ሐሰት ጻፈ። መልሱ የመጣው ቀድሞ እርሱ ዘንድ ፊደል ቈጥሮ፣ አሁን የዚያች አገር ጸሐፊ በሆነ ደቀ መዝሙሩ ጽሕፈት ነበር፦

«መምህሬ ሆይ፣ እንዳስተማሩኝ መረመርሁት። የሁለቱ ገበያ ምስክሮች ማኅተም ይጎድለዋል።»

ዘወንጌል ከደብዳቤው ስሕተት ፈለገ፤ አላገኘም። መሐላን በጥንቃቄ የሚመረምር ብዙ ነው፤ ምርመራን ችሎ የተረፈ መሐላ ግን ከፀሐይ በታች አልታየም።