የመወድሱ ዘራፊ

ለሰው ልጅ ከተሰጡት ጸጋዎች ሁሉ ቃል የሚልቀው ከተናጋሪው አፍ ወጥቶ፣ ከጸሐፊው እጅ አምልጦ፣ ተራራና ባሕር ሳያግደው ስለሚሻገር ነው፤ ነገር ግን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ይኸው ክንፉ መከራውም ነውና ርቆ በበረረ መጠን የወጣበትን ጎጆ ይረሳል፣ የወለደውንም አባት ስም በየመንገዱ ያንጠባጥባል። በብራናው ዘመን አንድ መጽሐፍ ለመገልበጥ ወራት የደከመ ጸሐፊ በመጨረሻው ቅጠል ላይ የደራሲውንም የራሱንም ስም አኑሮ «ጸልዩልኝ» ብሎ ይሰናበት ነበር፤ በእኛ ዘመን ግን ጣት አንድ ጊዜ ሲነካ ሺህ ቅጂ ይወለዳል፣ ከሺሁም አባቱን የሚያውቅ አንድ አይገኝም። ይህን የምለው ለተግሣጽ ያህል አይደለም፤ በዕንባቆም ላይ የደረሰውን ሰምቼ ስለ ተናደድሁ ነው።

ዕንባቆም በባሕር ዳር ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ሰነድ የሚተረጕም፣ በወጣትነቱ ግን በደብረ ዕንቍ ከየኔታ ክንፈ ሚካኤል እግር ሥር ተቀምጦ ቅኔ የተማረ፣ ትሑትና ጭምት ሰው ነበር። የኔታ በእርጅና ዐይናቸውን አጥተው፣ በሕማም አልጋ ላይ ወድቀው ስለ ነበር፣ የተቀኙት ሁሉ አብሯቸው መቃብር እንዳይወርድ ሠግቶ፣ በበይነ መረብ የግሉን ጦማር ከፍቶ ቅኔያቸውን ከነትርጓሜው ያኖርበት ጀመር። ከዕለታት በአንደኛው፣ የደብሩ ምንጭ በደረቀበት ዓመት የተቀኙትን መወድስ የተባለ ረጅም ቅኔ አወጣና ከግርጌው በቅኔ ቤት ልማድ «ዘራፊው፦ መምህሬ የኔታ ክንፈ ሚካኤል» ብሎ ጻፈ። የቅኔ ሰዎች «ዘረፈ» ሲሉ ከልቡናው አፍልቆ፣ ሳይጽፍና ሳይሰርዝ፣ በቃሉ አፈሰሰው ማለታቸው እንደ ሆነ አንባቢዬ ያውቃል።

ምንትዋብ ግን አላወቀችም። የደብረ ዕንቍ ተወላጆች ማኅበር በአዲስ አበባ ያቋቋመውን ጦማር የምታሰናዳው ይህች ልበ ቅንና እጀ ፈጣን ወጣት፣ ዕንባቆምን አስፈቅዳ መወድሱን ወደ ማኅበሩ ጦማር ስትቀዳ፣ ከግርጌው ደርሳ ደነገጠች፤ ደቀ መዝሙር የገዛ መምህሩን በአደባባይ ዘራፊ ብሎ የሰደበ መስሏታልና። ሽማግሌ አይዋረድም ብላ መሥመሩን ፋቀችው፤ ጽሑፍም ያለ ባለቤት አይወጣም ብላ «ደራሲ፦ ዕንባቆም» የሚል ተካችበት። «ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ይላል ያገራችን ሰው፤ የተለቀለቀው ግን የዕንባቆም ፊት ነበር።

ከማኅበሩ ጦማር ሌሎች ቀዱት፣ ከሌሎቹም ሌሎች፤ አንዱ «ምንጭ፦ ከማኅበራዊ ገጽ የተገኘ» ብሎ፣ ሌላው ያችንም ሳይል፤ ስለ ምንጭ መድረቅ የተነገረው ቅኔ የራሱም ምንጭ ደረቀበት። ወዲያው የጥንት የቅኔ ቤት ባልንጀሮቹ «የመምህሩን ቅኔ የሰረቀ» እያሉ በየገጹ ሥር ስድብ አወረዱበት፤ አንደኛውም ለየኔታ አንብቦ አሰማቸው የሚል ወሬ መጣ። ከዚህ በኋላ ዕንባቆም ዕረፍት አጣ፤ ስልኩን ያነሣል፣ ይጥላል፣ መልሶ ያነሣል። ያስጨነቀው የሰው ስድብ አልነበረም፤ የኔታ «ሌባ አስተምሬ ኖሯል» ብለው እንዳይሞቱ ፈርቶ ነው።

ለምንትዋብ ደወለላት።

«እኅቴ፣ ምን በደልሁሽ?»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ለእርሳቸው ክብር ብዬ ነው! እርስዎ ዘራፊ ሲሏቸው ዝም ብዬ ላውጣው?»

የቃሉን ፍች ነገራት። «ወይኔ ጉዴ!» አለች፤ «የእኛን አሁኑኑ አርመዋለሁ፤ የቀዱትን ሁሉ ግን ምን ላድርጋቸው?»

በማግሥቱ ማልዶ ተሳፈረ፤ መኪናው በቆመ ቍጥር የሞት መርዶ የቀደመው እየመሰለው፣ ሲቁነጠነጥ ውሎ ደብረ ዕንቍ ገባ። ከየኔታ አልጋ ሥር ወድቆ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እርሳቸው ግን እንደ ወትሮው ራሱን አልዳሰሱለትም። ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ነገራቸው። የኔታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ያለቀሱ መስሎት ቀና ሲል፣ ይስቁ ነበር።

«ይህች ልጅ ቅኔ ቤት ሳትገባ ሰምና ወርቅ ሠራች» አሉ። «በል ጻፍ፤ አንዲት ፊደል እንዳትነካብኝም ንገራት።»

«ምን ብዬ ልጻፍ፣ የኔታ?»

«ዘራፊው ክንፈ ሚካኤል፤ የተዘረፈው ዕንባቆም።»

ይህን ብለው እጃቸውን በራሱ ላይ ጭነው መረቁት፤ እርሱም እንደ ሕፃን አለቀሰ። ምንትዋብም ያችን መሥመር ፊደል ሳታዛንፍ፣ ከይቅርታ ጋር በማኅበሩ ጦማር ራስ ላይ አወጣቻት። ዕንባቆም ግን በመልስ ጕዞው ስልኩን ቢከፍት ያገኘው የመጀመሪያው ገጽ አሁንም «ደራሲ፦ ዕንባቆም» ይላል፤ ለባለ ገጹ እርማት ጻፈለት፣ ወደ ሁለተኛው አለፈ፣ ያም እንደዚያው፤ የመምህሩ ምርቃት ገና በራሱ ላይ ሳለ ጣቱም ልቡም አላረፉም። ቅኔ በዘረፉት ቍጥር ይበዛል፤ ስም ግን አንድ ጊዜ ከተዘረፈ፣ መልሰው ለባለቤቱ ቢያስረክቡትም እንኳ፣ በተጠራ ቍጥር ይደነግጣል።